የተጠቀጠቀ የግቢ መሬት እንዴት እንደሚናፈስ

በየአገሩ በሚገኙት የመሥሪያ ቤት፣ የትምህርት ቤትና የመኖሪያ ግቢዎች በየዓመቱ አንድ ዓይነት ነገር ይታያል። በክረምት ወራት ሣሩ ለምልሞ ግቢው ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ይከርማል። ጥቅምት አልፎ ፀሐይ ሲበረታ ግን በበሩ አጠገብ፣ በደረጃው ፊትና ሰው ተሰብስቦ በሚቆምበት ስፍራ ሣሩ አስቀድሞ ይገረጣል፤ ቀጥሎም ይሳሳል፤ በመጨረሻም ተመልጦ ባዶው መሬት ይገለጣል። በዚህ ጊዜ ባለግቢው ወይም ሹሙ ዘር እንዲዘራ፣ ውኃ እንዲጠጣ፣ ማዳበሪያም እንዲበተን ያዛል። ለዚህም ብዙ ገንዘብና የሰው ጉልበት ይወጣል። ነገር ግን በሚመጣው ዓመት ያው ስፍራ ያንኑ መልክ ይዞ ስለሚገኝ ነገሩ ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ እንደሚባለው ይሆናል።

ይህም የሚሆነው ሕመሙ ሳይታወቅ መድኃኒት ስለሚሰጥ ነው። ሣሩ የደረቀው ውኃ ወይም ምግብ ስለ ጎደለው ብቻ አይደለም፤ ከበታቹ ያለው መሬት በእግር ብዛት ተጠቅጥቆ አየር የሚገባበትና ውኃ የሚሰርግበት ቀዳዳ ስለ ጠፋበት ነው። እንዲህ ባለው መሬት ላይ የተዘራው ዘር ሥር መስደድ አይችልም፤ የፈሰሰው ውኃ ወደ ታች አይሰርግም፤ የተበተነውም ማዳበሪያ ከጎርፉ ጋር ታጥቦ ይሄዳል። ስለዚህ ከዘሩም ከውኃውም አስቀድሞ መሬቱን ማናፈስ፣ ከተናፈሰም በኋላ ዳግመኛ እንዳይረገጥ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከነዚህ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢደረግ ግን ድካሙ ከንቱ ነው።

መሬት የሚተነፍስ ስለ መሆኑ

አፈር ለዓይን አንድ ወጥ ነገር መስሎ ቢታይም እኩሌታው ባዶ ስፍራ ነው። ጤነኛ የሆነ የሣር መሬት ከመቶ ቢከፈል 45 እጅ ያህሉ ከድንጋይ የተፈጨ ትቢያ፣ 5 እጅ ያህሉ ከበሰበሰ ቅጠልና ሥር የተገኘ ነገር ሲሆን፣ የቀረው 50 እጅ ውኃና አየር የሚመላለሱበት ጥቃቅን ቀዳዳ ነው። ከነዚህም ቀዳዳዎች ሰፋ ሰፋ ያሉት የዝናቡን ውኃ ወደ ታች አሳልፈው ወዲያው ባዶ ስለሚሆኑ አየር ይገባባቸዋል። ጠባቦቹ ግን ውኃውን ይዘው ለደረቁ ወራት ያቆዩታል። መሬት ሲረገጥ አስቀድመው የሚጠፉት ሰፋፊዎቹ ናቸው።

የሣር ሥር እንደ እንስሳ ሁሉ ይተነፍሳል። ኦክሲጅን የሚባለውን የአየር ክፍል ይስባል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ደግሞ ያስወጣል። ይህ ልውውጥ የሚፈጸመው በሰፋፊዎቹ ቀዳዳዎች በኩል ነው። ኦክሲጅን በውኃ ውስጥ ሰርጎ የሚሄደው በአየር ውስጥ ከሚሄድበት ፍጥነት ከ10,000 እጅ አንዱን በሚያህል ዝግታ ነው። ስለዚህ ሰፋፊዎቹ ቀዳዳዎች ጠፍተው ጠባቦቹ ብቻ በውኃ ተሞልተው የቀሩ እንደ ሆነ ሥሩ በውኃ መካከል ሳለ ታፍኖ ይታመማል። በክረምት ውኃ የተኛበት ሣር ቢጫ የሚሆነውም ስለዚህ ነው። ይኸው ሣር በክረምት ሥሩን ወደ ጥልቅ መስደድ ስላልቻለ፣ በጋ ሲመጣ ከላይ ያለው ጥቂት እርጥበት ባለቀበት ቀን ይደርቃል። እንግዲህ በክረምት ያየው መታፈንና በበጋ ያገኘው ጥማት ከአንድ ምክንያት የመጡ ናቸው።

የዚህንም ነገር በሚዛን ማወቅ ይቻላል። ሳይበተን እንዳለ ተቆርጦ የወጣና የደረቀ አንድ ሊትር አፈር በለሰለሰ መሬት ከ1 ኪሎ ከ100 እስከ 1 ኪሎ ከ300 ግራም ይመዝናል። ጭቃማ የሆነው አፈር ተጠቅጥቆ ወደ 1 ኪሎ ተኩል የደረሰ እንደ ሆነ ግን ሥር ሊገባበት ይቸገራል። አሸዋ የበዛበት አፈር እስከ 1 ኪሎ ከ800 ግራም ገደማ ይታገሣል። ሚዛኑ የጨመረው አፈሩ ስለ ወፈረ ሳይሆን በመካከሉ የነበረው ባዶ ስፍራ ስለ ጠፋ ነው።

የአገራችን ገበሬ የእግርን ኃይል ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ጤፍ በሚዘራበት ጊዜ ዘሩ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ በለሰለሰው እርሻ ውስጥ ጠልቆ እንዳይቀር ከብቱን እየነዳ መሬቱን ያስረግጠዋል። እህሉን ለመውቃት ሲፈልግም አውድማውን አስረግጦና በእበት ለቅልቆ ቡቃያ እንዳይወጣበት፣ እህሉም ከአፈር እንዳይቀላቀል አድርጎ ያጠነክረዋል። ይህ ሁሉ በዕውቀትና በፈቃድ የሚደረግ ነው። በግቢ ውስጥ ግን ማንም ሳያስበው መስኩ ቀስ በቀስ አውድማ ይሆንና ባለቤቱ በአውድማ ላይ ሣር እንዲበቅልለት ሲደክም ይኖራል።

መሬት የሚጠቀጠቅበት ምክንያት

ምክንያቱ ሦስት ነው፤ የሚያርፈው ክብደት፣ የመመላለሱ ብዛትና የመሬቱ እርጥበት። 300 ኪሎ የምትመዝን ላም በአራት እግሯ ስትቆም የኮቴዋ ስፋት ጠባብ ስለ ሆነ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲሜትር ላይ ከ1 ኪሎ በላይ ታሳርፋለች። ስትራመድም ክብደቷ በሁለት ወይም በሦስት እግር ላይ ስለሚወድቅ ከዚህ ይበልጣል። የሰው ጫማ ሰፊ ስለ ሆነ የሚያሳርፈው ክብደት ያነሰ ነው፤ ነገር ግን በአንድ መንገድ በቀን ብዙ መቶ ጊዜ ስለሚመላለስ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ሰውና ከብት የሚጎዱት ይልቁንም ከላይ ያለውን ጥቂት ሳንቲሜትር ነው። ጭነት የያዘ መኪና ግን ጉዳቱ ጠልቆ ስለሚሄድ በእጅ መሣሪያ ሊደረስበት የማይቻል ይሆናል።

ከሦስቱ ምክንያቶች ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው እርጥበቱ ነው። ደረቅ አፈር ጠንካራ ስለ ሆነ ሸክም ይችላል። እርጥብ አፈር ግን ውኃው እንደ ቅባት ሆኖ ቅንጣቶቹ አንዱ በሌላው ላይ እንዲንሸራተቱና እንዲጠጋጉ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ በጥር ወር ብዙ ሕዝብ በሣሩ ላይ ውሎ የሚያደርሰው ጉዳት፣ በነሐሴ በዝናብ ማግሥት ጥቂት ሰዎች ወይም አንድ መኪና ከሚያደርሱት ሊያንስ ይችላል።

በሰሜን አውሮጳ ባሉት አገሮች በብርዱ ወራት በአፈር ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሲሆን እየሰፋ፣ ሲቀልጥም እየለቀቀ ከላይ ያለውን መሬት በመጠኑ ያላላዋል። በአገራችን ግን መሬት እንዲህ ጠልቆ በረዶ ስለማይሆን ይህ ረድኤት የለም። ለኛ መሬት ተፈጥሮ የሰጠችው መድኃኒት የፀሐይ ድርቀት የሚያወጣው ስንጥቅ፣ የዕፀዋት ሥር፣ የመሬት ትልና ምስጥ ነው። እነዚህም ሥራቸውን የሚሠሩት መሬቱ ዕረፍት ሲያገኝ ነው።

ሕመሙን ለይቶ ስለ ማወቅ

መሬቱ የተጠቀጠቀ መሆኑን ሳያረጋግጡ ሠራተኛ ማሰማራት አይገባም፤ ሣር በጥላ ብዛት፣ በነፍሳት ወይም አለቅጥ አሳጥሮ በመታጨድም ይጎዳልና። ለማረጋገጥም ገንዘብ የማያስወጡ ሦስት ፈተናዎች አሉ።

አንደኛው በሚስማር የሚደረግ ነው። ዝናብ ከዘነበ ወይም ውኃ ከጠጣ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ 15 ሳንቲሜትር የሚረዝም ወፍራም ሚስማር ወስዶ አስቀድሞ በአጥሩ ሥር ሰው በማይረግጥበት ስፍራ፣ ቀጥሎም በተመለጠው ስፍራ በእጅ መጫን ነው። በአጥሩ ሥር ያለ ችግር የገባው ሚስማር በመካከሉ ከ3 ወይም ከ4 ሳንቲሜትር በላይ አልገባም ያለ እንደ ሆነ መሬቱ ተጠቅጥቋል።

ሁለተኛው በጣሳ የሚደረግ ነው። ከላይም ከታችም ክፍት የሆነ ባዶ ጣሳ 3 ሳንቲሜትር ያህል ወደ መሬት ካስገቡ በኋላ ውኃ አፍስሶ ሰርጎ እስኪያልቅ ድረስ ሰዓት መቍጠር ነው። ይህም እንደ ፊተኛው በሁለቱም ስፍራዎች ይደረግ። በአጥሩ ሥር በጥቂት ደቂቃ ያለቀው ውኃ በመካከሉ ከአንድ ሰዓት በኋላም ቆሞ ቢገኝ ምስክር አያስፈልገውም።

ሦስተኛው በአካፋ የሚደረግ ነው። 20 ሳንቲሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጕድጓድ ቆፍሮ አንዱን ግንብ መመልከት ነው። በጤነኛ መሬት አፈሩ እንደ ፍርፋሪ ሆኖ ይፈራርሳል፤ ሥሩም ቀጥ ብሎ ይወርዳል። በተጠቀጠቀ መሬት ግን አፈሩ እንደ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደራርቦ ይታያል፤ ሥሩም ወደ ታች መውረድ አቅቶት ወደ ጎን ተጣጥፎ ይገኛል። የአካፋው ፈተና ጥንካሬው ከስንት ሳንቲሜትር ጀምሮ እስከ ስንት እንደሚደርስ ስለሚያሳይ ሥራው ምን ያህል ጠልቆ መሠራት እንዳለበት ይነግራል።

ስለ ጊዜው

ከውጭ አገር በመጡ መጻሕፍት ሣር የሚናፈሰው በጸደይና በበልግ ነው ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። ይህ የነዚያን አገሮች የአየር ጠባይ የተከተለ ስለ ሆነ ወሩን እንዳለ መቅዳት ያሳስታል። ሊያዝ የሚገባው ሥርዓቱ ነው፤ ይኸውም መሬቱ ሳይጨቀይ እርጥበት ያለው፣ ሣሩም በማደግ ላይ ያለና ቢያንስ የአንድ ወር የማደጊያ ጊዜ ከፊቱ የቀረው መሆን አለበት ማለት ነው። ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም በሚዘንብበት በመካከለኛው ደጋ ይህ ዓይነቱ ጊዜ በዓመት ሁለት ጊዜ ይገኛል። የመጀመሪያው የክረምቱ ዝናብ መሬቱን አርሶ ገና ሳያጨቀየው በሰኔ መግቢያ ነው። ሁለተኛውም ዝናቡ ሊያባራ ሲል ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ነው። ይልቁንም ለሰርዶ ሣር የሚመቸው የሰኔው ነው፤ ረጅም የማደጊያ ጊዜ ይሰጠዋልና። በመስከረም የሚያናፍስ ሰው ዝናቡ እንደ ቆመ ውኃ የሚያጠጣበት መንገድ ሊኖረው ይገባል። ዝናባቸው በሌላ ወራት የሚመጣ አገሮችም በዚሁ ሥርዓት ወራታቸውን ይመርጣሉ።

የመሬቱን እርጥበት ለማወቅ ከ5 ሳንቲሜትር ጥልቀት ጥቂት አፈር አውጥቶ በመዳፍ መካከል ማድቦልቦል ነው። እንደ እርሳስ ቀጥኖ ሳይበጠስ የሚድቦለቦል ከሆነ መሬቱ ገና ስለ ረጠበ ይቆይ። ተጨብጦ ቅርጽ የሚይዝና በጣት ሲነኩት የሚፈርስ ከሆነ ጊዜው ደርሷል። ጨርሶ የማይያዝ ትቢያ ከሆነ ግን መሣሪያው ስለማይገባ አስቀድሞ ውኃ ይጠጣ።

ስለ መሣሪያውና ስለ ሥራው

መሬትን ለማናፈስ የሚሻለው መሣሪያ አፈሩን ቈርጦ የሚያወጣ ቱቦ ነው። ድፍን ብረት መሬቱን ቢበሳም አፈሩን ወደ ጎን ስለሚገፋው የቀዳዳው ግድግዳ የበለጠ ይጠነክራል። ክፍት የሆነው ቱቦ ግን አፈሩን እንደ ቡሽ አድርጎ ያወጣዋል።

ይህንንም መሣሪያ ማናቸውም ብረት ሠሪ ሊሠራው ይችላል። የውስጣቸው ስፋት 2 ሳንቲሜትር፣ ርዝመታቸው 15 ሳንቲሜትር የሆኑ ሁለት የብረት ቧንቧ ቁራጮች ታችኛው ጫፋቸው ይሳላል። የተቈረጠው አፈር እንዳይታፈን በጎናቸው መሰንጠቂያ ይበጅላቸዋል። ከዚያም በመካከላቸው 10 ሳንቲሜትር ተለክቶ እግር በሚረግጠው አግዳሚ ብረት ላይ ይበየዳሉ። በላዩም የወገብ ቁመት ያለው እጀታ ይቆማል። ሠራተኛው እጀታውን ይዞ አግዳሚውን በእግሩ ሲጫን ቱቦዎቹ 8 ሳንቲሜትር ያህል ይገባሉ፤ መልሶ ሲያወጣቸውም በሚቀጥለው ጊዜ የሚገባው አፈር የፊተኛውን እየገፋ ያስወጣዋል።

ይህ መሣሪያ ካልተገኘ ባለ አራት ጥርስ የብረት ፎርካ ይበቃል። በፎርካ የሚሠራ ሰው ጥርሶቹን ካስገባ በኋላ እጀታውን ወደ ኋላ ጥቂት ዘንበል አድርጎ መሬቱ እንዲሰነጠቅ ማድረግ አለበት። ነገር ግን አፈሩን መገልበጥ አይገባውም። መሬቱን ሁሉ በዶማ መገልበጥ የሚያስፈልገው ሣሩ ጨርሶ ጠፍቶ እንደ ገና በሚተከልበት ስፍራ ብቻ ነው። ሥራው ከመጀመሩ አስቀድሞ ግን የውኃ ቧንቧና የኤሌክትሪክ ሽቦ በመሬት ውስጥ የሚያልፍበት መስመር በችካል ምልክት ይደረግበት።

የሥራውን መጠን አስቀድሞ ለማስላት እንዲመች አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ርዝመቱ 30፣ ስፋቱ 20 ሜትር የሆነ ግቢ 600 ካሬ ሜትር ነው። በየ10 ሳንቲሜትሩ አንድ ቀዳዳ ቢወጣ በካሬ ሜትር 100፣ በጠቅላላው 60,000 ቀዳዳ ይሆናል። ባለ ሁለት ቱቦው መሣሪያ ይህን በ30,000 ጊዜ ይፈጽመዋል። አንድ ሠራተኛ በደቂቃ 10 ጊዜ ቢጫን ሥራው 50 ሰዓት፣ ማለት በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ ከ6 ቀን ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይፈጃል። ይህ ለአንድ ግቢ የማይቻል ድካም አይደለም። የሰው ጉልበት ካነሰም ግቢውን ሁሉ በስሱ ከመንካት የተመለጠውን ስፍራ ብቻ በደንብ ማናፈስ ይሻላል።

የወጣው አፈር አይጠረግም፤ በላዩ ላይ ደርቆ በመጥረጊያ ሲመታ ተፈርፍሮ ወደ ሣሩ ይመለሳል። ወዲያውም በደንብ የበሰበሰና የተነፋ ፍግ ወይም ብስባሽ 5 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት እንዲኖረው ተበትኖ ወደ ቀዳዳዎቹ ይጠረጋል። በምሳሌው ግቢ ለዚህ 3 ሜትር ኩብ ብስባሽ ይበቃል፤ ከዚህም እኩሌታው ያህል ቀዳዳዎቹን ይሞላል። በተመለጠው ስፍራ ሁለትና ከዚያም በላይ አንጓ ያላቸው የሰርዶ ሐረጎች በ20 ሳንቲሜትር ርቀት ይተከላሉ። ከዚያም ሣሩ መሬቱን እስኪይዝ ድረስ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ማንም እንዳይረግጠው ገመድ ይታሰርበታል። ሲታጨድም ከቁመቱ ሲሶውን ብቻ መቍረጥ ይገባል። የላዩን እያሳጠሩ የታቹ ሥር እንዲረዝም መጠበቅ አይቻልም።

ቱቦዎቹ የሚከፍቱት ከመሬቱ ፊት ከመቶ 3 እጅ ያህሉን ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ሥራ ተአምር መጠበቅ አይገባም። ሥሩ አስቀድሞ በቀዳዳዎቹ ይወርዳል፤ ከቀዳዳዎቹም ወደ ጎን እየገባ በመካከል የቀረውን ጠንካራ አፈር ያላላል። እጅግ የተጠቀጠቀ ስፍራ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት በተከታታይ መናፈስ ያስፈልገዋል።

ስለ ጥቁር አፈር

ከዚህ በላይ የተነገረው ይልቁንም ለቀይና ለቡናማ አፈር የሚስማማ ነው። መረሬ ወይም ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ጠባዩ ልዩ ነው። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ይነፋል፤ ቀዳዳዎቹም ይዘጋሉ። በበጋ ደግሞ ይኮማተርና አንዳንድ ጊዜ ከአንድ ሜትር በላይ ጠልቆ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ይህ አፈር በየዓመቱ ራሱን በመጠኑ ያናፍሳል። ችግሩ ውኃው መውጫ ማጣቱ ነው። መውጫ በሌለው ጥቁር አፈር ላይ ቀዳዳ ቢበዛ ቀዳዳው ሁሉ ውኃ ያቁራል እንጂ አየር አያስገባም።

በሰሜን ሸዋ በኢነዋሪ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ይህን ጠባይ ስለሚያውቁ እርሻቸውን በእጅ መደብ መደብ አድርገው በመካከሉ ቦይ ያወጣሉ፤ ትርፉም ውኃ በቦዩ ይወርዳል። በግቢም እንዲሁ አስቀድሞ የመስኩ መካከል ጥቂት ከፍ ብሎ ጠርዙ ዝቅ እንዲል ማድረግ፣ በዝቅተኛው በኩልም ቦይ ማውጣት ይገባል። ማናፈሱ ከዚያ በኋላ ይደረጋል።

አንዳንድ ሰዎች ጭቃማውን አፈር ለማላላት ጥቂት አሸዋ ጨምረው ያቀላቅሉበታል። ይህ እንደሚታሰበው አይጠቅምም፤ የአሸዋው ቅንጣት በጭቃው መካከል ተቀብሮ ድብልቁ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይጠነክራል። አሸዋ አፈሩን የሚያላላው ከጭቃው እጅግ የበዛ እንደ ሆነ ነው፤ ይህም ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ ብስባሽ መጨመር ይሻላል።

ስለ መሬት ትልና ስለ ፍግ

በመሣሪያ የተጀመረውን ሥራ ያለ ደመወዝ የሚቀጥሉት የመሬት ትሎች ናቸው። ቻርልስ ዳርዊን የተባለው እንግሊዛዊ የተፈጥሮ መርማሪ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1881 ዓ.ም. ስለነዚህ ትሎች መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። በዚህም መጽሐፍ በብዙ የእንግሊዝ አገር ስፍራዎች በአንድ ኤከር፣ ማለት 4,000 ካሬ ሜትር በሚያህል መሬት፣ በየዓመቱ ከ10 ቶን የሚበልጥ ደረቅ አፈር በትሎች ሆድ አልፎ ወደ ላይ እንደሚወጣ ገመተ። ትሉ የሚያልፍበት መንገድ ሁሉ አየርና ውኃ የሚገባበት ቧንቧ ይሆናል። ነገር ግን ትል የሚኖረው እርጥበት፣ ጥላና የሚበላው ብስባሽ ባለበት ስፍራ ነው።

ይህንንም ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በደጋው አገር የቆዩ አብያተ ክርስቲያናትን በከበበው በጽድና በወይራ ደን ውስጥ ሰው ከማይመላለስበት ስፍራ ያለው መሬት በወደቀ ቅጠል ተሸፍኖ ለእግር የሚለሰልስ ነው። ከደኑ ውጭ ከብት በሚውልበት ሜዳ ያለው መሬት ግን በብዙ ስፍራ እንደ ድንጋይ ነው። የሁለቱ አፈር መሠረቱ አንድ ሲሆን የለያየው ቅጠሉና ዕረፍቱ ነው።

በብዙ አገር እበቱ ኩበት ሆኖ ስለሚነድ ወደ መሬት የሚመለሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ የግቢው ቅጠል፣ የታጨደው ሣርና የወጥ ቤቱ ጥራጊ በእሳት ከሚቃጠል ይልቅ በአንድ ጥግ ተከምሮ፣ እየረጠበና እየተገለበጠ እንዲበሰብስ ቢደረግ ለመስኩ የሚያስፈልገው ብስባሽ ከዚያው ከግቢው ሊገኝ ይችላል።

የሹም ትእዛዝ ሊያደርገው ስለሚችለው

ማናፈስ የሠራተኛ ሥራ ነው፤ መሬቱ ዳግመኛ እንዳይጠቀጠቅ ማድረግ ግን የአዛዡ ሥራ ነው። ሰው ከበር ወደ ደረጃ የሚሄደው በሚቀርበው መንገድ ነው። ይህን በማስጠንቀቂያ ጽሕፈት ብቻ መከልከል አይቻልም። ስለዚህ ሕዝቡ በእግሩ ያወጣውን መንገድ ተመልክቶ በዚያው ላይ ጠጠር ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ማንጠፍ ይገባል። ቢሻ ጥቂት ስፍራ ለመንገድ ተሰጥቶ የቀረው መስክ ይድናል። እንደዚሁም የመኪና ማቆሚያ፣ የፈረስና የበቅሎ ማሰሪያ፣ ባለጉዳይም ተራ የሚጠብቅበት ስፍራ ከሣሩ ተለይቶ በጠጠር ይሠራ። ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቀን መሬቱ በጨቀየበት ሰሞን የሆነ እንደ ሆነ ስብሰባው በሌላ ስፍራ እንዲሆን ይታዘዝ።

ለግቢ የተነገረው ለግጦሽም ይሠራል። በክረምት መግቢያ ሣሩ ገና ብቅ ሲል፣ መሬቱም በረጠበ ጊዜ ከብት የገባበት መስክ የዓመቱን ምግብ ያጣል። በመንዝ የጓሳን ሜዳ ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋ ያሳርፈው ነበር። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ይህ ሥርዓት ቢላላም፣ ሕዝቡ መስኩን በጋራ መጠበቁን አልተወም። የተዘጋ መሬት ሣሩን ብቻ አያተርፍም፤ ሥሩና ትሉ አፈሩን የሚያላሉበት ጊዜም ያገኛል።

ጉዳዩ የግቢ ውበት ብቻ አለመሆኑን ከምሳሌው ግቢ መረዳት ይቻላል። በ600 ካሬ ሜትር ላይ በአንድ ቀን 40 ሚሊሜትር ዝናብ ቢዘንብ 24,000 ሊትር ውኃ ይሆናል። መሬቱ የተናፈሰ እንደ ሆነ ከዚህ ብዙው ሰርጎ ለሣሩ፣ ለዛፉና ለጕድጓድ ውኃ ይተርፋል። የተጠቀጠቀ እንደ ሆነ ግን አብዛኛው በበሩ ወጥቶ መንገዱን ይቦረቡራል፤ ከታች ባለው የጎረቤት ቤትና እርሻ ላይም ይወርዳል። በአንድ ከተማ እንዲህ ያለ ግቢ ሲበዛ ከላይ ያሉት ቸል ያሉትን ጎርፍ የሚከፍሉት ከታች ያሉት ናቸው።

ስለዚህ በየስፍራው ያሉ ሹማምንትና ባለግቢዎች ዘር ከመግዛታቸው አስቀድሞ በሚስማርና በጣሳ የግቢያቸውን መሬት ያስፈትኑ። ሚስማሩ የገባበትን ጥልቀትና ውኃው ያለቀበትን ደቂቃ ከቀኑ ጋር በመዝገብ ያስጽፉ። በሰኔ ያስናፍሱ፤ መንገዱንና ማቆሚያውን ይለዩ፤ መስኩንም በዝናቡ ወራት ያስጠብቁ። በሚመጣው ዓመት በዚያው ወር፣ በዚያው ስፍራ፣ በዚያው ሚስማር እንደ ገና ፈትነው ከመዝገቡ ጋር ቢያስተያዩት ሥራው የጠቀመ መሆኑንና አለመሆኑን ቍጥሩ ራሱ ያስረዳቸዋል።